ዘርዓ ያዕቆብ እና የሦስተኛ ክፍሉ ጠያቂ

ለዚህ እትም ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ወደ አትሌቶች፣ ወደ ድምፃውያንና ወደ ነገሥታቱ ነው የሮጡት። እኔ ግን ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል ስለሚባል አንድ የአክሱም ገበሬ ልጅ ልጽፍ ነው። ወደዚህ ሰው የመራኝ ደግሞ ፕሮፌሰር ወይም መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው…

የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከታክሲ ከወረዳችሁ በኋላ መንገዱ ሁሉ ሽቅብ ነው፤ ከላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ከታች ከተማው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤታችንን ልጅ አስጠናለሁ። እናቱ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው እያወረዱ፣ እሱን ሸጠው ነው የሚያሳድጉት። እኔ ገንዘብ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ቡና ሳያጠጡኝ አሰናብተውኝ አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ አካባቢ ሳይንስ እያስጠናሁት ሳለ ልጁ እርሳሱን አስቀመጠና እኔን ማን ፈጠረኝ ብሎ ጠየቀኝ። እግዚአብሔር አልኩት። እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው አለኝ። እኔ ታዲያ ምን ብዬ ብመልስለት ጥሩ ነው? እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፣ ኃጢአት ነው፣ ዝም ብለህ የቤት ሥራህን ሥራ! ልጁም ዝም አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ዝም። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ልጁ መጠየቅ ያቆመው ስለ እግዚአብሔር ብቻ አልነበረም፤ ስለ ክፍልፋይም መጠየቅ ትቷል። ገባህ ወይ ስለው ገብቶኛል ይለኛል፤ ደብተሩን ገልጬ ሳየው ግን ምንም አልገባውም።

እውነቱን ልናገር፣ እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱም እኔንም ልጅ ሳለሁ ልክ እንደዚሁ ነበር ዝም ያሰኙኝ። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ ለምን የሚል ልጅ ረባሽ ይባል ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ በአንደኛ ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ ይሰጡንና ጠይቁ፣ መርምሩ፣ በጭፍን አትቀበሉ ይሉናል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አትጠይቅ የተባለ ሰው በአንድ ሴሚስተር እንዴት ጠያቂ ይሆናል? ኮርሱ ላይ ስሙን በጨረፍታ የሰማሁት ዘርዓ ያዕቆብ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሐተታውን አነበብኩ፤ ልጁ የጠየቀኝንም ጥያቄ እዚያው አገኘሁት።

ገመድ ይዞ ገደል የሚለካው ልጅ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ይህ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አይደለም። ስማቸው አንድ ሆኖ ነው እንጂ በመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ አለ። የእኛው ሰው ሐተታው እንደሚለው አክሱም አካባቢ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. ከአንድ ድሃ ገበሬ ተወለደ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብዙ መጻሕፍት 1599 ይሉታል። ዘርዓ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ነው፤ ሰው የሚጠራው ግን ወርቄ እያለ ነበር።

አባቱ ፊደል እንዲቆጥር ላኩት። ዳዊት ከደገመ በኋላ መምህሩ ልጁ አእምሮው ብሩህ መሆኑን፣ ቢማር ሊቅ እንደሚወጣው ለአባቱ ነገሯቸው። አባትም ዜማ ቤት አስገቡት። ይሁን እንጂ ድምፁ ሻካራ ነበርና ጓደኞቹ ሳቁበት፣ አላገጡበት። ሦስት ወር ቆይቶ አልሆነለትም። ከዚያ ልቡ ቢያዝንም ሰዋስውና ቅኔ ወደሚያስተምሩ ሌላ መምህር ሄደ። እዚያ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀደመ፤ አራት ዓመትም ተቀመጠ። በዜማ ያልሆነለት በቅኔ ሆነለት ማለት ነው።

በዚህ ዘመኑ ነው እኔን በጣም የሳበኝ ነገር የገጠመው። ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ገደል ገባ። ሆኖም አንዳች ሳይሆን ተረፈ። ማንኛችንም ብንሆን ተመስገን ብለን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። እሱም አመስግኗል። ግን በዚያ አላበቃም፤ ረጅም ገመድ አምጥቶ የገደሉን ጥልቀት ለካ! ተአምር ተደርጎልኛል ብሎ እያመነ፣ ያመነውን ነገር ደግሞ ልኩን ማወቅ ፈለገ። እኔ እንደሚመስለኝ የሰውየው ሕይወት በሙሉ በዚህች ገመድ ውስጥ አለ።

ከቅኔ ቤት በኋላ መጻሕፍትን ወደ ማጥናት ተሻገረ። በዚህ ላይ አሥር ዓመት ቆየ። የግብፅ ሊቃውንት እንዴት እንደሚተረጉሙ፣ ፈረንጆቹ እንዴት እንደሚተረጉሙ ሁለቱንም ተማረ። ከዚያ ወደ አገሩ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

ለሁለቱም ወገን ያልሆነ መምህር

ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው ነበር። በ1625 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል በኩል መጣ። ከዚያ በኋላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ፈሰሰ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ መምህር ምን ማድረግ ይጠበቅበታል? ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ መሆን ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብፆቹ ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያስረዳል እንጂ ይሄኛው ትክክል ያኛው ስህተት ነው ብሎ አይፈርድም ነበር። እኛ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህን ሚዛናዊነት እንለዋለን። ፈተና ላይ ስንጽፈው ቀላል ነው፤ እሱን ግን ዋጋ አስከፈለው። ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ፈረንጆቹ የግብፆቹ ሰው አሉት፣ ግብፆቹ የፈረንጆቹ። በመጨረሻም አንድ ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ይህ ሰው ሕዝቡን ለዐመፅ እያነሳሳ ነው ሲል ከሰሰው።

ዘርዓ ያዕቆብም ሌሊት ተነስቶ ጠፋ። የያዘው ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ነው። ወዴት እንደሚሄድም ለማንም አልነገረም። ከገበሬዎች እንጀራ እየለመነ ተከዜ አካባቢ ደረሰ። ከዚያ ወደ ሸዋ፣ ማለትም ወደ እኛ አገር በሚወስደው መንገድ ላይ ሳለ፣ ሰው የማይኖርበት ጥልቅ ሸለቆ አገኘ፤ በሸለቆውም ግርጌ ዋሻ ነበር። ሸዋ መግባቱን ትቶ እዚያው ቀረ። አውሬ እንዳያገኘው ደጁን በድንጋይና በእሾህ አጠረ። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. እስኪሞቱ ድረስ ሁለት ዓመት በዚያ ዋሻ ኖረ።

ዋሻው ውስጥ የተጠየቀው

ሁለት ዓመት ብቻውን ምን ሲሠራ ከረመ? ዳዊት ይደግማል፣ ያስባል። ሰዎች ስለ አምላክ ብለው እንዲህ ከተገዳደሉ አምላክ ያያል ወይ? ደግሞስ አለ ወይ? ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ከዚያም ደረጃ በደረጃ ሄደ። እኔ ራሴን አልፈጠርኩም፤ ወላጆቼ ወለዱኝ። እነሱንም ወላጆቻቸው። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሲቆጥር መጨረሻ ላይ ወላጅ የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዘንድ ደረሰ። እነሱንስ ማን? ከዚህ ተነስቶ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖር አለበት ወደሚል መደምደሚያ መጣ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ እኮ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው! አንዱን በፍልስፍና ታሪክ እናስጠናዋለን፣ አንዱን ኃጢአት ነው ብለን ዝም እናሰኘዋለን።

ቀጥሎ ደግሞ ሰዎች ለምን በሃይማኖት እንደሚለያዩ ጠየቀ። ሁሉም የእኔ ነው ትክክል ይላል፤ ታዲያ ዳኛው ማን ይሁን? የእሱ መልስ ልቡና ነው። አምላክ ለሰው ሁሉ የሚመረምርበት ልቡና ሰጥቶታል፤ ሰው ግን መመርመር ስለሚከብደው ከአባቶቹ የሰማውን ይዞ መቀመጥ ይቀለዋል ባይ ነው። በዚህ መለኪያ የሁሉንም ሥርዓት ፈተሸ። ምንኩስናን፣ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን፣ ሰውን ባሪያ አድርጎ መሸጥን፣ የጾም ሥርዓትን ሳይቀር። በሁሉም ሐሳቡ ተስማሙ አልልም፤ እኔም በሁሉም አልተስማማሁም። እሱ ራሱም ቢሆን መርምሩ እንጂ ተቀበሉኝ አላለም።

እንፍራዝ፤ የሀብቱ ልጆች መምህር

ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው የቀደመው ሃይማኖት ሲመለስ ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። ወደ በጌምድር ተሻግሮ እንፍራዝ ደረሰ። እዚያ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ጌታ አገኘ። ለአክሱም ዘመዶቹ ደብዳቤ ለመጻፍ ቀለምና ወረቀት ሲለምነው ሀብቱ ጸሐፊ መሆኑን አወቀና ዳዊት እንዲጽፍለት ቤቱ አስቀመጠው። እንዲህ አድርጎ በገዛ እጁ ሥራ መኖር ጀመረ። ቆይቶም የሀብቱን ልጆች እንዲያስተምር ተጠየቀ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ ርዕስ የሚመጣው። ነገሥታትን ያላስተማረ፣ ጉባኤ ያልዘረጋ፣ ከአክሱም የተባረረ ሊቅ ቁጭ ብሎ የሰው ልጆች አስጠና። በዛሬ ቋንቋ ቤት ለቤት አስጠኚ ሆነ ማለት ነው! ከልጆቹ አንዱ ወልደ ሕይወት ይባላል፤ የቤት ስሙ ምትኩ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ያስተማረው እንደማንኛውም የኔታ ንባብና ሰዋስው ነበር። ልጁ ግን እያደገ ሲሄድ ይጠይቅ ጀመር። ዘርዓ ያዕቆብም ለሌላ ለማንም ያልገለጠውን፣ በዋሻው ያሰበውን ሁሉ ለዚህ ልጅ አካፈለው።

ትዳሩም ከዚያው ቤት ነው። በሀብቱ ቤት ሒሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ እምብዛም ቢሆንም ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ላግባት ብሎ ሲጠይቅ ሀብቱ ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን አለው። ዘርዓ ያዕቆብ ግን አገልጋይ ሳትሆን ሚስት ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። በዚያ ላይ እሷን ራሷን ፈቃዷን ጠየቃት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን! ከሒሩት ወንድ ልጅ ወለደ፣ የልጅ ልጅም አየ።

68 ዓመት ሲሞላው፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ወልደ ሕይወት ሐሳብህን ጻፍልኝ ብሎ ለመነው። እሱም ሐተታውን ጻፈ። ሐተታ ማለት መመርመር፣ መፈተሽ ማለት ነው። መጽሐፉ እንግዲህ የተጻፈው ተማሪ ስለጠየቀ ነው። ከዚያም 25 ዓመት ያህል ኖሮ በ93 ዓመቱ እንዳረፈ የጻፈልን ራሱ ወልደ ሕይወት ነው። ወልደ ሕይወት በበኩሉ ሌላ ሐተታ ጽፏል። የእሱ መጽሐፍ ከመምህሩ ይልቅ ለማስተማር የተዘጋጀ ይመስላል፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ይመክራል፤ ተረትም ይጨምራል። የመምህሩ ጥያቄ በተማሪው እጅ ትምህርት ሆነ።

ዋሻ ሚካኤል ላይ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጁንና ሁለት ጓደኞቹን ይዤ ወደ የካ ተራራ ወጣሁ። እዚያ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ ነው። ከፍለጋ በኋላ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ እየበላን የዘርዓ ያዕቆብን ታሪክ አወራኋቸው።

ከዚህ በፊት አሜሪካዊው የፍልስፍና መምህር ማቲው ሊፕማን ያደረገውን አንብቤ ነበር። ሊፕማን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በሥርዓት ማመዛዘን ሲያቅታቸው አይቶ መፍትሔው ከታች ከልጅነት መጀመር ነው አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለልጆች የሚሆኑ ታሪኮችን ጻፈ፣ ለዚሁ የሚሠራ ተቋምም አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ታሪክ ይነበባል፣ ጥያቄውን የሚያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። መምህሩ መልስ አይሰጥም፤ ለምን እንዲህ አልክ፣ ምሳሌ አለህ ወይ፣ ጓደኛህ ባለው ትስማማለህ ወይ እያለ ያያይዛል። ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

እኔም ሞከርኩ። መጀመሪያ ላይ የጠየቁኝ ምን ነበር? ማታ ማታ መብራት ነበረው ወይ፣ ጅብ አልፈራም ወይ፣ ወርቁን ምን አደረገው። እንጦጦ ሥር ለሚያድግ ልጅ ጅብ ቀላል ጥያቄ አይደለም! ቆየት ብሎ ግን አንደኛዋ ልጅ ተማሪዎቹን ጥሎ መጥፋቱ ትክክል አይደለም አለች። ሌላኛው ቢቀር ኖሮ ይገደል ነበር፣ የሞተ መምህር ደግሞ አያስተምርም አለ። እሷ ታዲያ ለምን አልተሰናበታቸውም ብላ ያዘችው። እኔ ልፈርድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ዋጥኩት። የእኔው ልጅ ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ማንም ሰው ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ ገደሉን የለካበት ገመድ አሁን የት ነው ያለው?

ሳምንታት ሙሉ ዝም ያለ ልጅ ጠየቀ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የእናቱ ጥያቄ

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና እየጠጣን እናቱ ጉዳዩን አነሱት። ልጄ፣ አስተምረህልኛል፣ እግዜር ይስጥህ፤ ግን ይህን ልጅ እንዲህ እየጠየቀ ትምህርት ቤት ቢሄድ መምህሩ አይቆጣውም ወይ? ነገ ሠራተኛ ሆኖ አለቃውን እንዲህ ቢጠይቅ እንጀራው አይቋረጥም ወይ? አሉኝ። እኔ ሃይማኖቱን አናጋህብኝ ይሉኛል ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ለዚያም መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ዘርዓ ያዕቆብ ዳዊቱን እስከ መጨረሻ ከእጁ እንዳልለየ ልነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው። መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ አንተ ሳትሆን ልጄ ነው ማለታቸው ነበር።

እዚህ ላይ የዘርዓ ያዕቆብን ሕይወት እንደገና ማየት ነበረብኝ። እኔ የወደድኩት ጠያቂውን ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ግን ሌላም ዘርዓ ያዕቆብ አለ። እንፍራዝ ውስጥ ለ60 ዓመታት ገደማ ሲኖር ለጎረቤቶቹ እንደማንኛውም ክርስቲያን ሆኖ ታይቷል። የልቡን ለወልደ ሕይወት ብቻ ነው የገለጠው። ይህንንም ራሱ በሐተታው አልደበቀም፤ ሐሳቡን በአደባባይ ቢያወጣ እንደሚጠሉትና እንደሚያሳድዱት ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ተሳዷልና። አንዳንዱ ይህን ፍርሃት ይለዋል፤ አንዳንዱ ጥበብ ይለዋል። እኔ አሁን ሳስበው፣ ጥያቄውን ሳይገድል ራሱንም ሳያስገድል የሚኖርበትን መንገድ መፈለጉ ነው።

ስለዚህ ለእናቱ የመለስኩላቸው እውነቱን ነው። ልክ ነዎት፣ ዋጋ አለው አልኳቸው። ነገር ግን ዝም ማለትም ዋጋ አለው። ሦስት ቅዳሜ ዝም ብሎ ክፍልፋይ ሳይገባው መቅረቱን በደብተሩ አሳየኋቸው። አሁን ለልጁ ከመጠየቅ ጋር እንዴት እንደሚጠየቅም እያስተማርኩት ነው። መምህሩን በአክብሮት፣ በሰዓቱ፤ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ደብተሩ መጨረሻ ላይ ጽፎ ቅዳሜ ለእኔ ያመጣዋል። እናቱ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ሦስተኛውንም ቡና ቀዱልኝ። ተስማሙ አልተስማሙ እንጃ፤ ልጁን ግን አልከለከሉትም።

ግን ሰውየው ኖሯል ወይ?

አሁን እንደ ጋዜጠኛ መናገር ያለብኝ አንድ ነገር ቀርቷል። እስካሁን የነገርኳችሁ ታሪክ በሙሉ የሚመጣው ከሁለቱ ሐተታዎች ነው። በክፍል ስንማር አንድ ምንጭ ብቻ ያለው ዜና ምን ይባላል? ማጣሪያ ያስፈልገዋል ይባላል።

መጽሐፉን ለዓለም ያስተዋወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጌምድር ይኖር የነበረ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። ግዕዝ ያጠና ነበር። ቅጂውን ፓሪስ ለሚኖረው የብራና ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። በ1904 እ.ኤ.አ. ኤኖ ሊትማን አሳተመው፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ተደነቁ። ይሁንና በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታውን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው፣ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ አልነበረም አለ። በ1934 እ.ኤ.አ. ኦይገን ሚትቮህ ይህንኑ ደገፈ። በቅርብ ጊዜም ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን ይህንን አቋም በአዳዲስ ማስረጃዎች አጠናክራለች።

በሌላ በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ፍልስፍና ያስተማሩትና በ2012 እ.ኤ.አ. ያረፉት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር አሉ። እሳቸው ሁለቱን ሐተታዎች ከጁስቶ ጽሑፎች ጋር አነጻጽረው፣ የቋንቋውን ብስለትና የጥቅሶቹን አጠቃቀም መርምረው፣ ይህ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳትመዋል። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም።

ይህን ለልጆቹ ልንገራቸው ወይስ ልተወው? ሁለት ቀን አመነታሁ። ጀግናቸውን ልነጥቃቸው አልፈለግኩም። ኋላ ግን አሰብኩት። ኃጢአት ነው ብዬ ልጁን ዝም ያሰኘሁት እኔ፣ አሁን ደግሞ ደስ እንዲላቸው ብዬ ጥርጣሬውን ብደብቅባቸው ምን ለወጥኩ? ስለዚህ ነገርኳቸው። አንዳንድ ሊቃውንት ሰውየው ኖሯል ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ ሰው የፈጠረው ታሪክ ነው ይላሉ አልኳቸው። ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብፆቹ እንዲህ ይላሉ እንዳለው መሆኑ ነው።

ልጅቷ አዘነች። የእኔው ልጅ ግን አላዘነም። ሄዶ ገደሉን መፈለግ ነዋ አለ! ጥልቀቱን ለክቶ ጽፎት የለ? እኛም ገመድ ይዘን አክሱም እንሂድና እንለካዋ። ገደሉ ልክ ከሆነ ሰውየው ነበረ ማለት ነው አለ። ጓደኛው ግን ሌላም ሰው ለክቶት ሊጽፍ ይችላል ብሎ ተከራከረው። ልጁ ትንሽ አሰበና እውነትህን ነው፣ ገመድ ብቻውን አይበቃም አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የማስረጃን ብቃት ሲመዝን እዚያው ተቀምጬ ሰማሁት። እኔ ይህን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው!

ለመቋጨት ያህል፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የግብረ ገብ ትምህርት ይሰጣል። መልካም ነው። ግን መልካም ምን እንደሆነ ተነግሮት የሚያጠና ልጅና መልካም ምን እንደሆነ ጠይቆ የሚደርስበት ልጅ አንድ አይደሉም። አዲስ ኮርስ ይከፈት፣ በጀት ይመደብ እያልኩ አይደለም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ታሪክ፣ ክብ ሠርቶ መቀመጥና መምህሩ መልሱን ትንሽ ዋጥ ማድረጉ ይበቃል። በዙሪያችን የሚያስጠኑት ልጅ ያላችሁ የዲፓርትመንታችን ልጆች ደግሞ እስቲ ሞክሩት። የእግዚአብሔርን ፈጣሪ ሲጠይቃችሁ መልሱን ባታውቁት እንኳ እኔ እንዳደረግኩት አታድርጉ።

ልጁ አሁን ደብተሩ መጨረሻ ላይ አሥራ አራት ጥያቄዎች ጽፏል። ክፍልፋዩም ገብቶታል። ባለፈው ቅዳሜ ከጣውላ መሸጫ የተጣለ ገመድ ለቅሞ አሳየኝ፤ ቤታቸው ጀርባ ያለውን ገደል ሊለካ ነው። እናቱ ብቻህን እንዳትሄድ ብለውታል፤ እኔም አብሬው ልሄድ ቃል ገብቻለሁ።

በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!